ከማን ጋር ነው የምትበይው?
(ስለ ትንሽ ትምህርት ቤት የግቢ ኑሮና ኅብረት የቀረበ ጥናት)



ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተመደበች አንዲት እኅታችንን ለመሸኘት እዚህ ሐራ ከቤቷ ተሰብስበን ነበር። ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ ከእኛ አንዱ ምን ትምህርት እንደምትመርጥ ይጠይቃል፤ ሌላው በአንድ ዶርም ስንት ሰው እንደሚተኛ ይጠይቃል፤ ሌላው ደግሞ መንገዱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ያሰላል። እናቷ ጀበናውን እንደ ያዙ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ እዚያ ከማን ጋር ነው እምትበይው?» አሏት። እኛ ሣቅን። እሷም፣ «እማዬ ደግሞ፣ ካፌ አለ እኮ!» አለች። እናት ግን አልሣቁም። ማታ ወደየቤታችን ስንመለስ ጥያቄው ከእኛ ጋር መጣ፤ ሁላችንም ስለ ትምህርቱ ስንጠይቅ፣ ስለ ኑሮው የጠየቁት እርሳቸው ብቻ ነበሩና።

የጥናት ክፍሉ በትንሽ የሉተራውያን ዩኒቨርሲቲ ስላለው የግቢ ኑሮ እንድንጽፍ ርእሱን በሰጠን ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ «ይህ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብለን ነበር። በሐራም ሆነ በወልድያ እንዲህ ያለ ዩኒቨርሲቲ የለም። ስናነብ ግን የእኒያን እናት ጥያቄ በየገጹ አገኘነው። ስለዚህ ይህን የምንጽፈው ስለ ሃይማኖት ለመከራከር አይደለም፤ ብዙ ሰዎች በአንድ ግቢ ሲያድሩ ኅብረት የሚሆኑት መቼ እንደሆነ፣ የማይሆኑትስ ለምን እንደሆነ ለመመርመር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በጀርመን አገር በዊተንበርግ ነው። የዊተንበርግ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1502 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከተማይቱ በዚያን ጊዜ የዛሬዋን መርሳ እንኳ የማታህል፣ ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ የሚኖርባት ነበረች። ማርቲን ሉተር በዚያ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህር ነበረ። የሚኖርበት ቤት ቀድሞ የመነኮሳት ገዳም ነበር። በ1525 ካታሪና ፎን ቦራን ካገባ በኋላ ባልና ሚስት ያን ሰፊ ቤት የተማሪዎች ማደሪያ አደረጉት። ሉተርን ሁሉ ያውቀዋል፤ ካታሪናን የሚያነሣት ግን ጥቂት ነው። እኛን ይበልጥ የመሰጠችን እርሷ ናት። አትክልቱን ታስተክላለች፤ ከብቱንና ዐሣማውን ታስጠብቃለች፤ የዓሣ ኩሬ ታስተዳድራለች፤ የእኛ እናቶች ጠላ እንደሚጠምቁ እርሷም ቢራውን በቤቷ ትጠምቃለች። ተማሪዎቹ ለመኝታና ለምግብ ይከፍላሉ፤ ቤቱ ግን ዕዳ አያጣውም ነበር። ተማሪዎቹ እየበሉ መምህሩ የሚናገረውን በማስታወሻ ይጽፉ ስለ ነበር፣ እርሱ ከሞተ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1566፣ የገበታ ንግግሩ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። በዚያ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከክፍል ወደ ገበታ የሚሻገረው እንዲህ ነበር ማለት ነው። በ1527 ደግሞ ቸነፈር በገባ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ወደ ዬና ከተማ ሲዛወር፣ ሉተርና ካታሪና አልሄዱም፤ ቤታቸው የሕሙማን ማረፊያ ሆነ።

በዚህ ገበታ አንድ ቀን የእኛ አገር ሰው ተቀመጠ። በ1534 እ.ኤ.አ. በግንቦት መጨረሻ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ደረሰ፤ እስከ ሐምሌ መጀመሪያም በዚያ ቆየ። ከሉተርና የግሪክ ቋንቋ መምህር ከነበረው ከፊሊጶስ ሜላንክቶን ጋር ስለ ሃይማኖት ተወያየ። ልብ እንበል፤ የልደት ቋንቋቸው አንድ አይደለም፤ ሥርዓታቸው አንድ አይደለም፤ ቆዳቸውም አንድ አይደለም። ሆኖም ሉተር የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አከበረ፤ በመሠረተ እምነቱም ከሚካኤል ጋር እንደሚስማማ ተናገረ። ዲያቆኑም ሲሄድ ለሌሎች ከተሞች መምህራን የሚያሳየው የድጋፍ ደብዳቤ ተሰጠው።

እዚህ ላይ ብናቆም ታሪኩ ደስ ባሰኘን ነበር። ነገር ግን ያው ሉተር በ1543 በአይሁድ ላይ እጅግ መራርና ክፉ መጽሐፍ ጻፈ። ምኵራባቸው እንዲቃጠል፣ ቤታቸውም እንዲፈርስ መከረ። ዛሬ የሉተር ቤተ ክርስቲያኖች ራሳቸው በግልጽ ያወገዙት ቃል ነው። እኛ ይህን ስናነብ ለብዙ ሰዓት ተከራከርን። ከእኛ አንዱ፣ «ከኢትዮጵያ ድረስ የመጣውን ሰው በፍቅር የተቀበለ፣ በዚያው በአገሩ የሚኖረውን ሰው እንዴት እንዲህ ጠላ?» አለ። መልሱን ያገኘች አንዲት እኅታችን ናት፦ «ሚካኤል እንግዳ ነው፤ ይሄዳል። አይሁዱ ግን ጎረቤት ነው፤ አይሄድም።» ከዚያ በኋላ ያነበብነውን ሁሉ በዚህ ዐይን ነው ያየነው።

እውነትም ለእንግዳ ፍራሽ መልቀቅ ለእኛ ለወሎዎች አይቸግርም። በዓመት በዓል ክርስቲያኑ ለእስላም ጎረቤቱ በእስላም እጅ አሳርዶ ለብቻ ያበስላል፤ እስላሙም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል፤ ሰርግም ቢሆን ይኸው ነው። ይህ የማንኮራበት ነገር አይደለም አንልም። ነገር ግን የእንግዳ መስተንግዶ አንድ ቀን ነው። በግቢ ኑሮ ግን አንድ ዶርም ውስጥ ዓመት ሙሉ የሚያድረው ሰው እንግዳ አይደለም። ማታ መብራት አጥፋ ስትለው አያጠፋም፤ ባልዲህን ሳይጠይቅ ይወስዳል፤ በማታውቀው ቋንቋ በስልክ እየጮኸ ያወራል። እርሱ ጎረቤት ነው።

ወደ ዊተንበርግ ታሪክ ስንመለስ ሌላም የእኛ ሰው አለ፤ እርሱም የወሎ ሰው ነው። አባ ጎርጎርዮስ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው ምድር በነበረው በመካነ ሥላሴ የተወለዱ ሊቅ ናቸው። ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት የሉተራውያን ምሁር በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ አገኛቸው። በ1652 ደግሞ የጎታ መስፍን ኤርንስት ወደ ቤተ መንግሥቱ ጋበዛቸው። በዚያም ሉዶልፍ ይጠይቃል፣ አባ ጎርጎርዮስ ይመልሳሉ፤ ስለ ግእዝ፣ ስለ አማርኛ፣ ስለ አገራችን ተራራና ወንዝ፣ ስለ ነገሥታቱና ስለ ምግቡ ሳይቀር። ከዚያ ጭውውት የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም በ1698 ታትመው ወጡ። አባ ጎርጎርዮስ ይህን አላዩም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ሰጥማ ሞቱ። ዛሬ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የኢትዮጵያ ጥናት የሚባለው ትምህርት መሠረቱ የተጣለው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ካህን አንዱ ሉተራዊ፣ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው። ማን መምህር፣ ማን ተማሪ እንደ ነበረ መለየት ያስቸግራል።

ይህን ስንል ትንሽ ትምህርት ቤት ከጀርመን የመጣ ነገር ነው ማለታችን አይደለም። ከዊተንበርግ 250 ዓመት አስቀድሞ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት በሐይቅ እስጢፋኖስ ያስተምሩ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ናቸው። የቆሎ ተማሪ በጎጆው ከባልንጀራው ጋር የለመነውን ቁራሽ ተካፍሎ፣ ሌሊት ቅኔ ቆጥሮ አድጓል። በእኛው በየጁ ምድርም ዳና የታወቀ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነው፤ ደረሳዎች ከሩቅ አገር እየመጡ በሼሁ አጠገብ አድረው ይማሩበት ነበር። አያቶቻችን ከቆሎ ተማሪውና ከደረሳው ጋር አንድ ገበያ ውለዋል። እነዚህም ሁሉ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ናቸው። መጽሐፉ ቢለያይም ኑሮው ተመሳሳይ ነበር፤ መምህሩ የተማሪውን ስም፣ የእናቱን አገርና ሕመሙን ያውቃል።

በአገራችን የሉተራውያን ትንሽ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ስንል የምናገኘው አዲስ አበባ መካኒሳ ያለውን የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችው በጥር 1951 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሴሚናሪው ወዲያው በ1960 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ተማሪዎቹ ከየሲኖዶሱ ተመርጠው የሚመጡ ናቸው፤ ከወለጋ ኦሮሞው፣ ከደቡብ ሲዳማው፣ ሀዲያው፣ ከምባታው፣ ከጋምቤላ አኙዋኩና ኑዌሩ። አስቡት እንግዲህ፤ የእነዚህ ሰዎች አባቶች ተያይተው አያውቁም፤ አንዳንዶቹም በድንበርና በግጦሽ ሲጋደሉ የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን እያንዳንዱ የአገሩን ልጅ ፈልጎ ለብቻው ይቀመጥ ነበር። በትንሽ ግቢ ግን የአገር ልጅ ሁለት ወይም ሦስት ነው፤ ጠረጴዛ አይሞላም። ስለዚህ ወድዶም ሆነ ሳይወድ ከሌላው ጋር ይበላል።

የትንሽ ትምህርት ቤት ምሥጢሩ ይኸው ይመስለናል። በትንሽ ግቢ ያለ ሰው ከሌላው ይልቅ ደግ ስለሆነ አይደለም፤ የሚሸሽበት ሌላ ጠረጴዛ ስለሌለው ነው። ይህ ደግሞ ችግር የለውም አንልም። ከእኛ አንዷ በአንድ ትንሽ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምራለች። የነገረችንን እንዳለ እንጽፈዋለን፦ «ሰኞ የተናገርሁት ነገር ማክሰኞ ጠዋት በሁሉ አፍ ነው። ከአንዲት ልጅ ጋር ተኳርፈን በቀን ሦስት ጊዜ ፊት ለፊት እንቀመጥ ነበር። ወጡ ከጉሮሮዬ አይወርድም። በአምስተኛው ቀን ጨው አቀብይኝ አለችኝ፤ አቀበልኋት። ከዚያ በኋላ ማን ይቅርታ እንደጠየቀ አላስታውስም።» ሐሜት፣ መታከት፣ ብቻን የመሆን ጊዜ ማጣት፣ እነዚህ ሁሉ በትንሽ ግቢ አሉ። ነገር ግን ለአምስት ቀን ፊት ለፊት መቀመጥም አለ።

ከሉተራውያን ትንሽ ትምህርት ቤት ከወጡት መካከል የቄስ ጉዲና ቱምሳን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ከ1963 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ በሉተር ሴሚናሪ ተምረው ተመለሱና የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በደርግ ዘመን ከኦርቶዶክስና ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር ለመተባበር ደከሙ። ከአገር እንዲወጡ መንገድ ቢቀርብላቸውም አንሄድም አሉ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ማታ ከትምህርት ሲወጡ ታፍነው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። በዚያው ክረምት ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገድለዋል። በሕይወት ሳሉ ገበታቸው የተለያየ የነበሩ አባቶች በአንድ ክረምት፣ በአንድ እጅ አለፉ።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ለእኛ ትልቅ ደስታ ነበር፤ በመርሳም ግቢ አለው። ከዚያ በፊት ዩኒቨርሲቲ ማለት ለሐራ ልጅ ሌሊት በአውቶቡስ የሚኬድበት ሩቅ አገር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሌላ አገር ልጆች ወደ እኛ ይመጡ ጀመር። በገበያ ቀን ማንጎ ሲገዙ፣ በአማርኛ ዋጋ ሲከራከሩ እናያቸዋለን። እኛም እንደ ልማዳችን እንግዳ ብለን ተቀበልናቸው። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በዚያ ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች መካከል በተነሣ ጠብ ሁለት ተማሪዎች ሞቱ። ሁከቱም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ፤ ብዙ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደየአገራቸው ተመለሱ። የሞቱትም እናት ነበራቸው፤ ሲሸኙአቸው ምን ብለው እንደ ጠየቁአቸው እኛ እንገምታለን።

ጦርነቱ ደግሞ መጣ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት ውስጥ በቆየችበት ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፤ ብዙ ንብረቱም ወደመ። አልጋና ወንበር፣ ኮምፒዩተርና የቤተ ሙከራ ዕቃ በገንዘብ ይተካል፤ ቀስ በቀስም እየተተካ ትምህርቱ ቀጥሏል። በ2012 የተሰበረውን ግን ማን እንደሚጠግነው በዕቃ ዝርዝር ውስጥ አልተጻፈም።

ጥፋቱ የሌሎች ብቻ ነው ብለን እንዳንጽፍ፣ ከእኛ አንዱ የደረሰበትን፣ ይልቁንም ያደረገውን፣ እንድንጽፍለት ጠይቆናል። የተማረው በአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው። በካፌው ውስጥ የወሎ ልጆች የሚቀመጡበት የታወቀ ጠረጴዛ ነበር። ማንም ሕግ አላወጣም፤ ብቻ እንዲሁ ሆነ። አንድ ቀን ከወላይታ የመጣ የዶርም ጓደኛው ሳህኑን ይዞ መጣና ባዶውን ወንበር እያሳየ፣ «ሰው አለው?» ብሎ ጠየቀ። ከጠረጴዛው አንዱ፣ «አለው» አለ። ወንድማችንም ሰምቶ ዝም አለ። ልጁ ሄደ። ወንበሩ ምሳው እስኪያልቅ ባዶውን ቆየ፤ የሚመጣ ሰው አልነበረምና። በሁለተኛው ሴሚስተር ያ ልጅ ዶርም ቀየረ። ወንድማችን፣ «እኔ ማንንም አልመታሁም፤ ድንጋይ አልወረወርሁም። ግን በ2012 የሆነውን ስሰማ ያ ወንበር ነው የታየኝ» ብሏል። ይህን ሲነግረን ከእኛም መካከል አንገቱን ያልደፋ አልነበረም፤ ሁላችንም እንዲህ ያለ ወንበር አለንና።

እንግዲህ ትልቁን ግቢ ትንሽ ማድረግ ይቻላልን? ከተመረቁት ወንድሞችና እኅቶች የሰማነውን እንጻፍ። አንዳንዶቹ በዶርማቸው ያሉትን ሰዎች ብቻ ይዘው በሳምንት አንድ ቀን አብረው ለመብላት ተስማምተው ነበር፤ የአገር ልጅ ሳይጨመር። መጀመሪያ ሥጋው አስቸገረ፤ አንዱ ይህን አይበላም፣ ሌላው ያን አይበላም፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም አለ፤ የረመዳን ወርም አለ። በመጨረሻ ሽሮ ላይ ተስማሙ። ሽሮ ሃይማኖት የለውም ብለው ይቀልዱ ነበር። በረመዳንም ገበታውን ከመግሪብ በኋላ አደረጉት። አብሮ ማጥናትም እንዲሁ ጠቅሟል፤ ነገር ግን አብሮ ማጥናት ፈተና ሲያልቅ ያልቃል። ገበታው ግን ከምረቃ በኋላም አላለቀም፤ አንዱ ሲያገባ ሌሎቹ ሁለት ቀን ተጉዘው ሄደዋል።

ለሚመጣው እሑድ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ከቁጥር 42 እስከ 47፣ ምዕራፍ 6 ከቁጥር 1 እስከ 7 ያለውን አንብባችሁ ኑ። በምዕራፍ 2 አብረው በደስታ ይበሉ የነበሩት፣ በምዕራፍ 6 በማዕድ ምክንያት ስለምን አጉረመረሙ? የተጣሉትስ በቋንቋ የተለያዩ መሆናቸው ለእኛ ምን ያሳያል? በዕረፍት ከግቢ የመጣችሁ ደግሞ፣ በእናንተ ካፌ «ሰው አለው» የተባለ ወንበር እንዳለና እናንተ በየትኛው ወገን እንደ ነበራችሁ፣ ለመናገር ፈቃደኛ የሆነ ይንገረን፤ ማንም አይገደድም።

በመጨረሻም፣ ወደ ጅማ የሄደችው እኅታችን ደውላ ነበር። እናቷ እንደ ገና ያንኑ ጠየቁአት። እሷም፣ «ከሦስት ልጆች ጋር ነው፤ አንዷ የአርባ ምንጭ፣ አንዷ የነቀምት፣ አንዷ የዚያው የጅማ ናት። በሶሽን በሁለት ሳምንት ጨረሱብኝ» አለች። እናት አሁን ለአራት ሰው የሚበቃ በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጅተው በፌስታል ቋጥረው አስቀምጠዋል። በዚህ ሰሞን ወደ ጅማ የሚሄድ ሰው የሚያውቅ ቢኖር ለጥናት ክፍሉ እንዲነግረን እንለምናለን።